ሚያዝያ 27 የማን ቀን ነው?

ከሠራተኞች ቀን አራት ቀን ቆይቶ መሥሪያ ቤት ይዘጋል። ብዙ ሰው ስለ ሚያዝያ 27 የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ፋሲካ ከቀረበማ ጭራሽ ይረሳል፤ እንደ ምርቃት እረፍት ተቆጥሮ ያልፋል። የዚያን ዕለት ጠዋት በአራት ኪሎ ያለፈ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። የጎፈር ባርኔጣ የደፉ፣ ጋሻና ጦር የያዙ፣ ደረታቸው ላይ ኒሻን የደረደሩ ሰዎች ሐውልቱ ሥር ይሰበሰባሉ። የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል። ይፎከራል፣ ይሸለላል። ከዚያ መንገዱ ይከፈትና ታክሲው ወደ ሥራው ይመለሳል።

እነዚያን ሰዎች "አርበኞች" እንላቸዋለን። ሒሳቡን ስንሠራው ግን በ1933 የ15 ዓመት ልጅ የነበረ አርበኛ ዛሬ 100 ዓመት ሞልቶታል ማለት ነው። ስለዚህ አደባባዩ ላይ የምናያቸው በአብዛኛው የአርበኞች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ታሪኩን በዓይኑ ያየ ሰው ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ክርክሩ ግን አላለቀም። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ፌስቡክ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፦ "ካልተገዛን ከምን ነጻ ወጣን?" አንዱ የድል ቀን ነው ይላል፣ ሌላው የነጻነት ቀን፣ ሦስተኛው የንጉሡ መመለሻ። ስድብም ይታከልበታል።

እኔ ጥያቄውን ከሌላ ጫፍ ልይዘው ነው፤ ከቀኑ። ለምን 27? ይህ ቀን ከሌሎቹ ሁሉ ተለይቶ በማን ተመረጠ?

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያኑ ማርሻል ባዶሊዮ ሠራዊቱን አስከትሎ አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ማይጨው ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ተሸንፏል። የመርዝ ጭሱም ሥራውን ሠርቷል። ሚያዝያ 24 ጃንሆይ በባቡር ወደ ጂቡቲ ወጡ። ባዶሊዮ እስኪደርስ ድረስ ባሉት ቀናት ከተማዋ ተዘረፈች፣ ብዙ ቦታም ተቃጠለ። አሁን ዓመቱን ብቻ ቀይሩት። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ጃንሆይ በእንጦጦ በኩል ወርደው አዲስ አበባ ገቡ። ልክ 5 ዓመት፣ አንድ ቀን ሳይጎድል፣ አንድ ቀን ሳይተርፍ። ይህን አጋጣሚ ነው ብሎ ማመን ይከብዳል። ጠላት የገባበትን ቀን ጠላት በተሸነፈበት ቀን መሸፈን ብልህነት ነበር። ንጉሡ የምልክትን ጉልበት የሚያውቁ ሰው ናቸው።

ግን አዲስ አበባ ከጣልያን እጅ የወጣችው በዚያ ቀን አይደለም። ከተማዋ የተለቀቀችው ከ29 ቀን በፊት ነው፤ መጋቢት 28 ቀን 1933።

ይህ 29 ቀን ብዙ የማይወራለት ነገር ግን የበዓሉ ቁልፍ ያለበት ጊዜ ነው። የእንግሊዙ ጄኔራል ካኒንግሃም ከኬንያ ተነሥቶ፣ ሞቃዲሾን ይዞ፣ በሐረርና በድሬዳዋ በኩል ያመጣው ጦር ነው መጋቢት 28 አዲስ አበባን የተረከበው። በውስጡ የደቡብ አፍሪካ፣ የናይጄሪያና የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች ነበሩበት። ንጉሡ ያን ሰሞን ጎጃም ናቸው። ጥር 12 ቀን በሱዳን ወሰን ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ አቁመው፣ የእንግሊዙ መኮንን ዊንጌት የሚመራትን ትንሽ ጦር ይዘው፣ ከጎጃም አርበኞች ጋር እየሆኑ ደብረ ማርቆስ ደርሰዋል። አዲስ አበባ ተለቃለች፤ መንገዱም ሩቅ አይደለም። ግን ቆዩ ተባሉ።

እንግሊዞቹ ምክንያት ነበራቸው። ከተማዋ ውስጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የጣልያን ሲቪሎች ነበሩ። ንጉሡ ከገቡ፣ በዙሪያው ያሉት አርበኞችም አብረው ከገቡ፣ የየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ብድር ይመለሳል ብለው ፈሩ። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አይባልም። ነገር ግን የአንድ አገር ንጉሥ ወደ ዋና ከተማው ለመግባት የሌላ አገር ጄኔራል ፈቃድ መጠበቁ ራሱ የሚነግረን ነገር አለ። ጃንሆይም ነገሩ አልጣማቸውም። በመጨረሻ ተነሥተው መንገዱን ያዙ። ዊንጌት በፈረስ ከፊት እየቀደመ፣ የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘው ንጉሡ ገቡ። በዚያው ቀን ባደረጉት ንግግር ክፉን በክፉ እንዳይመልስ ሕዝቡን አደራ አሉት። የተፈራው እልቂትም አልመጣም።

እንግዲህ ሁለት ቀን አለን። መጋቢት 28 የእንግሊዝ ጦር የገባበት፤ ሚያዝያ 27 ንጉሡ የገቡበት። ደርግ ሥልጣን ሲይዝ የትኛውን እንደመረጠ ታውቃላችሁ? መጋቢት 28ን። የድል በዓሉን ወደዚያ አዛወረው። ምክንያቱን መገመት አይከብድም፤ ንጉሡን አውርዶ ንጉሡ የገቡበትን ቀን ማክበር አይሆንለትም። ግን ሳቅ የሚያመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ኢምፔሪያሊዝምን ሌት ተቀን የሚያወግዝ መንግሥት ከንጉሡ ሊሸሽ ብሎ የብሪታንያ ኢምፓየር ጦር በገባበት ቀን ላይ አረፈ። ያውም የደቡብ አፍሪካ ነጮች ከፊት ሆነው በገቡበት ቀን። በዓሉ እንዲያ ሆኖ ዓመታት አለፉ። በኢሕአዴግ ጊዜ፣ በ1988 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ፣ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። ስሙም የአርበኞች የድል በዓል ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እዩት። ቀኑ የንጉሡ ነው፤ ስሙ የአርበኞቹ። የክርክሩ ሁሉ መነሻ ይህ ይመስለኛል። አንዱ ስሙን ይዞ ይናገራል፣ ሌላው ቀኑን ይዞ ይመልስለታል። ሁለቱም እውነት ይዘዋል፤ ግን አይገናኙም።

ታዲያ ለአርበኞቹ የሚሆን የራሳቸው ቀን ለምን አልተገኘም? ስለሌለ ነው። የአርበኝነት ትግል በአንድ ቀን አልተጀመረም፣ በአንድ ቀንም አላለቀም። ማንም አዋጅ አላወጀውም። አገሪቱ ተያዘች ከተባለች ከሦስት ወር በኋላ፣ በሐምሌ 1928፣ ክረምቱ ሳይበግራቸው የሸዋ አርበኞች አዲስ አበባ ላይ ጥቃት ጣሉ። አልተሳካም። አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡን ለጠላት እንዳይገዛ ገዝተው በዚያው ወር በአደባባይ ተረሸኑ። የራስ ካሣ ልጆች፣ አበራና አስፋወሰን፣ ፍቼ ላይ ተገደሉ። የአበራ ባለቤት ወይዘሮ ከበደች ሥዩም የባላቸውን ጦር ይዘው ቀጠሉ። በደቡብ ራስ ደስታ ዳምጠው እስከ የካቲት 1929 ተዋግተው ተይዘው ተገደሉ።

ያው የካቲት ነው ነገሩን የቀየረው። የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም ስድስት ኪሎ ላይ በጣልያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን የሆነውን ሁላችን ሰምተናል። የኢትዮጵያ መንግሥት በኋላ ያቀረበው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው። በግንቦት ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተጨፈጨፉ። ጣልያን ይህን ሁሉ ያደረገው ሰውን ለማስፈራራት ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ገበሬ ነኝ ብሎ ቤቱ የተቀመጠው፣ ጊዜው እስኪያልፍ አንገቱን የደፋው ጭምር ጫካ ገባ። የ1929 ክረምት በላስታ፣ በበጌምድርና በጎጃም አመፅ የፈላበት ክረምት ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ጣልያን ከተማውንና መንገዱን ይዟል፤ ገጠሩን ግን አልያዘም። ምሽግ ሠርቶ ምሽጉ ውስጥ ይቀመጣል። ስንቁን ሊያደርስ ሲወጣ ይመታል። በሸዋ አበበ አረጋይና ኃይለ ማርያም ማሞ፣ በጎጃም በላይ ዘለቀ፣ መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህና ኃይሉ በለው፣ በበጌምድር አሞራው ውብነህ፣ በደቡብ ምዕራብ ገረሱ ዱኪ። እርስ በርስ ሁሌ አይስማሙም ነበር። አንዱ በሌላው ላይ የዘመተበት ጊዜም አለ። ይህን መደበቅ አያስፈልግም፤ አዛዥ የሌለው፣ ደመወዝ የሌለው፣ ስንቁን ከገበሬው የሚያገኝ ጦር እንዲህ ነው።

ስለ ስንቅ ካነሣን፣ አርበኛ ሲባል ጎፈሬውን አጎፍሮ ጠብመንጃ የያዘ ወንድ ብቻ የሚታየን ነገር ያናድደኛል። ከተማ ተቀምጠው ጥይት የሚያሾልኩ፣ መድኃኒት የሚልኩ፣ የጠላትን መነሻና መድረሻ የሚያደርሱ ሰዎች ነበሩ። የውስጥ አርበኛ ይባላሉ። ሸዋረገድ ገድሌ ከእነዚህ አንዷ ናቸው። ሀብታቸውን ለትግሉ አወጡ፣ ተያዙ፣ ተገረፉ፣ ጣልያን አገር በአዚናራ ደሴት ታሰሩ። ተፈትተው ሲመለሱ አረፍ አላሉም፤ አዲስ ዓለም ላይ በነበረው የጠላት ምሽግ ጥቃት ውስጥ ተካፋይ ሆኑ። ለእኚህ ሴት የትኛው ቀን ነው የድል ቀን?

አሁን ወደ እንግሊዝ እንምጣ፤ ምክንያቱም "ነጻ ያወጣን እንግሊዝ ነው" የሚል ሰው በየዓመቱ አይጠፋም። እውነቱ ትንሽ የተጠላለፈ ነው። ጃንሆይ ሰኔ 23 ቀን 1928 ጄኔቫ ላይ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት ሲሉ እንግሊዝ አልሰማችም። እንዲያውም ከሁለት ዓመት በኋላ የጣልያንን ገዥነት ዕውቅና ሰጠች። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ሳይቀበሉት ቀርተዋል፤ እንግሊዝና ፈረንሳይ ግን ተቀብለዋል። የለንደን ሐሳብ የተለወጠው ሰኔ 3 ቀን 1932 ሙሶሊኒ ጦርነት ሲያውጅባት ነው። ያኔ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ተረስተው የተቀመጡት ንጉሥ በድንገት ተፈላጊ ሆኑ፣ በአውሮፕላንም ወደ ሱዳን ተወሰዱ።

ይህ ማለት የእንግሊዝ ጦር ምንም አላደረገም ማለት አይደለም። ጣልያን በምሥራቅ አፍሪካ ከ250,000 በላይ ወታደር ነበረው። አብዛኛው ከኤርትራ፣ ከሶማሌና ከዚሁ ከእኛው አገር የተመለመለ ነው። ይህን ኃይል በጥቂት ወራት ለመስበር መድፍና አውሮፕላን ያስፈልግ ነበር፤ አርበኛው ይህ አልነበረውም። በሌላ በኩል ያ ሁሉ ወታደር በየምሽጉ ተበትኖ፣ መንገድ ሲጠብቅ፣ ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ 5 ዓመት ባይደክም ኖሮ ካኒንግሃም እንደዚያ እየጋለበ አይደርስም ነበር። የእኔ ሚዛን ይህ ነው፤ እንግሊዝ ጦርነቱን አሳጠረችው እንጂ አልጀመረችውም።

አንድ ነገር አለ፣ በበዓሉ ቀን የማይወራ። ከድል በኋላ አገሩ በሦስት ስም ተከፈለ፦ አርበኛ፣ ስደተኛ፣ ባንዳ። አርበኛው ጫካ የቆየው ነው። ስደተኛው ከንጉሡ ጋር ወይም በየጎረቤቱ አገር የቆየው። ባንዳው ለጣልያን ያደረው። ንጉሡ ሲመለሱ መንግሥት ማቆም ነበረባቸው፤ ቢሮ የሚያውቅ፣ የሚጽፍ፣ የሚያስተዳድር ሰው ፈለጉ። ከባንዳውም ከስደተኛውም ወሰዱ። አርበኞችም ተሾመዋል፤ ራስ አበበ አረጋይ የጦር ሚኒስትር እስከመሆን ደርሰዋል። ግን ብዙዎቹ ከነቁስላቸው እያዩ ትናንት የተኮሰባቸው ሰው ሹም ሆኖ መጣባቸው። ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት አገር ጥሎ የሄደ ንጉሥ ተመልሶ ሊነግሥ አይገባም ባይ ነበሩ፤ በተደጋጋሚ ታሰሩ። በላይ ዘለቀ ደጃዝማች ተብሎ ተሾመ፣ ከዚያ ከመንግሥት ጋር ተጣላ፣ ጎጃም ላይ ተዋጋ፣ ተያዘ። በጥር 1937 አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። 5 ዓመት ሙሉ ጣልያን ሊይዘው ያልቻለው ሰው ማለት ነው። ከዚያ በቀጣዩ ሚያዝያ 27 በዓሉ እንደወትሮው ተከበረ።

(ዛሬ "ባንዳ" የሚለው ቃል በየኮሜንቱ ላይ እንደ ጨው ሲነሰነስ ሳይ ይደንቀኛል። ያኔ ቃሉ የሚያመለክተው ሥራ ነበረው፤ ከጠላት ደመወዝ ተቀብሎ ወገኑን መውጋት። አሁን በሐሳብ ያልተስማማን ሁሉ ባንዳ ሆኗል። ደግሞ እውነተኛው ታሪክ እንኳ ያን ያህል ጥርት ያለ አልነበረም። ቀን ለጣልያን እየሠራ ሌሊት ጥይት ለአርበኛ የሚያሾልክ ነበር። ከባንዳነት ከድቶ ከነጠብመንጃው አርበኛ የሆነም ብዙ ነው።)

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ተገዝተናል ወይስ አልተገዛንም? ትምህርት ቤት የተማርነው መልስ አንድ ነበር፤ ኢትዮጵያ አልተገዛችም። ሙሶሊኒ ግን ግንቦት 1 ቀን 1928 ኢምፓየር አውጆ ኢትዮጵያን ከኤርትራና ከሶማሊያ ጋር በአንድ ጠቅልሎ የጣልያን ምሥራቅ አፍሪካ ብሏታል። ገዥ ሾሟል፣ አውራጃ ከፋፍሏል፣ ነጭና ጥቁር አብሮ እንዳይኖር ሕግ አውጥቷል። በሐሳቡ ቅኝ ግዛት ነበር፤ ይህን መካድ አያዋጣም። መሬት ላይ ግን አንድም ዓመት ጸንቶ አልተቀመጠም። ሊገዛ መጣ፣ ያዘ፣ ሳይገዛ ወጣ። "ወረራ" የሚለው ቃላችን የተሻለ ይገልጸዋል። ለዚህም ነው እንደ ጋና ያለ ቀን የሌለን። ጋና የካቲት 27 ቀን 1949 እኩለ ሌሊት ላይ አንዱ ባንዲራ ወርዶ ሌላው ወጣ፤ አስረካቢም ተረካቢም ነበር። እኛን ማን ያስረክበን? ጣልያን ሲሸነፍ ቁልፉን የወሰደው ሌላ ሰው ነው።

ያ ሌላው ሰው ቁልፉን ቶሎ አልመለሰም። ጃንሆይ በገቡ በሳምንታቸው ሚኒስትሮች ሲሾሙ የእንግሊዝ ሹም የነበረው ብርጋዴር ለሽ ተቃወመ። ከጣልያን ጋር የሰላም ውል እስኪፈረም ንጉሡ ሙሉ ሥልጣናቸውን ሊይዙ አይችሉም የሚል ነበር የነገሩ ፍሬ። በእንግሊዝ ዓይን ኢትዮጵያ ከጠላት የተያዘ ግዛት ነበረች! ጥር 23 ቀን 1934 በተፈረመው ውል እንግሊዝ የኢትዮጵያን ነጻነት አወቀች፤ ግን የእንግሊዙ መልእክተኛ ከሌሎቹ ዲፕሎማቶች ሁሉ ቀዳሚ ይሆናል፣ ባቡሩና አንዳንድ ግዛት በእንግሊዝ ጦር እጅ ይቆያል፣ አማካሪዎቹም ከዚያው ይመጣሉ። ገበያው ላይ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይሽከረከር ነበር። የራሳችን ብር የወጣው በሐምሌ 1937 ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 የተፈረመው ሁለተኛ ውል አብዛኛውን ማሰሪያ ፈታ። ጣልያን ራሷ የኢትዮጵያን ነጻነት በፊርማ ያረጋገጠችው በፈረንጆች 1947 በፓሪሱ የሰላም ውል ነው፤ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣም ተቆረጠባት።

ጦርነቱ ራሱ በሚያዝያ 27 አላለቀም ነበር። አምባ አላጄ ገና በግንቦት ተያዘ። ጎንደር ላይ የጣልያኑ ጄኔራል ናሲ እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ድረስ ቆየ። አዲስ አበባ በዓሏን ካደረገች ከስድስት ወር በላይ አልፏል፤ ጎንደር ዙሪያ ግን አርበኛው ገና ይሞት ነበር።

ኦጋዴንም ነበረ። እንግሊዝ አብዛኛውን የመለሰችው በፈረንጆች 1948 ነው። ሀውድና በሶማሌላንድ ወሰን የያዘችው ቀሪ መሬት ደግሞ ቆየ። ድርድር፣ ደብዳቤ፣ እንደገና ድርድር። የመጨረሻው የእንግሊዝ አስተዳደር ከዚያ መሬት የወጣው የካቲት 21 ቀን 1947 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ሚያዝያ 27ን 13 ጊዜ አክብራ፣ ለ14ኛው እየተሰናዳች ነበር።